የድልድዩ ወገብ

ሐሙስ ማታ ነው፤ ከኾባር ወጥተናል፣
መኪና በመኪና ባሕሩን ከፍሎታል።
አቡ ጠላል መሪውን በጣቱ ይደልቃል፣
ማዳም በመስታወት ኩሏን ታስተካክላለች፣
ጁሪ ጭኔ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች፣
ለሃጯ እጅጌዬን አርሶታል።
«ባሕሬን ሄደን ፊልም እናያለን» ተብያለሁ፤
ፊልሙንስ እኔ ከቤት ጀምሬዋለሁ።

ሁለት ዓመት ሆነኝ ከሆፉፍ ከወጣሁ።
ዝውውሬን የፈረመው ባልየው ነው፣ እሷ አልፈረመችም፤
ኡም ራካን በሩን ይዛ፣
«ብላግ አደርግብሻለሁ፣ ወርቄን ሰርቃ ሄደች እላለሁ» አለች።
ታድርገው አታድርገው ማን ይነግረኛል?
ሹርጣ ቤት ተሂዶ «ተከስሻለሁ ወይ?» ይባላል?
የእባብ ጉድጓድ ውስጥ እጅ ተሰዶ «አለህ?» ይባላል?

ወርቋን አልነካሁም። የት እንደምታስቀምጠውም አላውቅ።
የነካሁትስ
ከኮመዲኖው ሥር፣ ከመድኃኒት ካርቶን ጋር በላስቲክ ታስሮ
ሦስት ዓመት የተኛ ፓስፖርት ነበር፤
ፎቶው የኔ፣ ስሙም የኔ።
ሊነጋጋ ሲል አውጥቼ ጡቴ ሥር ወሸቅሁት።
እንግዲህ ሌባ ከተባልሁ
ራሴን ነው የሰረቅሁት።

ትናንት ሰዓዳ በድምፅ ልካልኛለች፦
«አንቺ፣ በድልድዩ እንዳትሄጂ!
አንዷን የጅማ ልጅ ከነነጠላ ጫማዋ አውርደዋታል፣
የምታሳድገው ሕፃን በመስኮት እያየ…»
ድምፁ እዚያ ላይ ተቆረጠ።
የጅማዋ ልጅ የት እንደገባች አልሰማሁም።

«አሞኛል» ልል ነበር። ግን የቀረም ይጠረጠራል።

ድልድዩ ወገቡ ላይ ደሴት አለችው፣
እንደ መቀነት ቋጠሮ፤
ሁለት አገር እዚያ ጋ ተጠልፏል ተቋጥሮ።
በመስኮቱ የነሱ ካርድ ገባ፣ የኔም ፓስፖርት ተከተለ።
የድንበሩ ልጅ ሻዩን አስቀመጠና፣
«ዪ… ታ… ዪሽ» አለ።
«ደምሰው»። «ወንድ… ይፍራው»።

አያቴን እንዲያ ያሉት ወንድ ይፍራው ብለው፣
በወረኢሉ ገበያ በሬም ይሸሸዋል ተብሎ የተወራለት ሰው፤
የልጅ ልጁ ይኸው፣
ጢሙ ካልጠና ልጅ ፊት ጉልበቷ ከዳት።
እናቴም ይታይሽ ያለችኝ
እሷ ያላየችውን እንዳይላት።
እያየሁ ነው እማዬ፦
የስክሪኑን ብርሃን በመነጽሩ ላይ፣
ጽሑፉ ተገልብጦ ሲወርድ፣ ሲወርድ።
ለእሱ ይታየዋል።
ለኔ ብርሃኑ ብቻ።

«ባስማ» አለኝ። ጣቴን አስቀመጥሁ። ቀይ በራ።
እንደገና። ቀይ።
«በቀሚስሽ ጥረጊው።» ጠረግሁ። ቀይ።
በረኪናው ነው።
አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ንጣፍ ሳጸዳ
የጣቴን መስመር አብሮ አጠበው።
የእውነት ሌባ ብሆን ኖሮ
ምን የመሰለ ጣት ነበር!

ማዳም ወደኋላ ዞረች።
የመሪው ድለቃ ቆመ።
በዚያ ዝምታ ውስጥ ጁሪ ዓይኗን ገለጠችና
«ደረስን?» አለችኝ
በኔ ቋንቋ፣ እኔው ባስተማርኋት።
«ገና» አልኳት።

ልጁ ስልክ አነሣ። የሆነ ነገር አለ። ሳቀ። ዘጋ።
በምን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።
ማኅተሙ ወደቀ፣ ድው።
«ያላ።»

መኪናው ነጎደ። ማዳም ወደ ኩሏ ተመለሰች።
ታይቼ ነው ያለፍሁት ወይስ ሳልታይ?
ክስ የለብኝም፣ ወይስ ማሽኑ አላወቀኝም?
ቅዳሜ ማታ በዚሁ እንመለሳለን፤
ያኔ ተረኛው ሌላ ነው፣
ማሽኑም ሌላ፣
ጣቴ ግን ያው ጣቴ ነው።

ለሰዓዳ «አለፍሁ» ብዬ ጻፍሁ።
አጠፋሁት።
«ድልድዩ ላይ ነኝ» ብዬ ላክሁ።